ለባስ ዘንግ፣ ሪልና ማባበያ ስትመርጡ ከመንጠቆው ጀምሩ

ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የመጀመሪያ ዘንጌን የመረጥኩት በመልኩ ነው። ረዥም፣ ቀይ፣ እጀታው የሚያምር። ለሱ ይመጥናል ብዬ ግዙፍ ሪል፣ ማለትም ክር መጠቅለያ፣ ገጠምኩበት። መጨረሻ ላይ ኪሴ ውስጥ በተረፈው አንዲት ስስ የላስቲክ ትል ጨመርኩ። ውሃው ዳር ደርሼ ባለ በሌለ ኃይሌ ስወረውር ትሏ እግሬ ሥር ጠብ አለች። ደገምኩ። ያው ነው። ዘንጉ እንደ መጥረጊያ እንጨት ድርቅ ብሏል፤ ጫፉ እንኳ ንቅንቅ አይልም።

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ዘንጉን ተቀበለኝና ከእጀታው በላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ሳቀ። «ይሄ እኮ ከባድ ነገር ለመወርወር የተሠራ ነው። አንተ ላባ አስረህበታል» አለኝ። ዘንጉ ጥፋት አልነበረበትም። ሪሉም ደህና ነበር፣ ትሏም ደህና ነበረች። ሦስቱ ግን አይተዋወቁም።

ከዚያ ወዲህ በግልባጩ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ውሃውን አያለሁ። ከዚያ ማባበያውን፣ ከዚያ ክሩን፣ ከዚያ ሪሉን። ዘንጉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማባበያ የምለው ሉር የሚባለውን፣ ዓሣው ምግብ መስሎት የሚጎርሰውን ሰው ሠራሽ ነገር ነው። እዚህም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምንሄደው።

1. ውሃውንና ዓሣውን እዩ

ባስ ሲባል በብዛት የሚጠመዱት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱን አፈ ሰፊ፣ ሌላውን አፈ ጠባብ እንበላቸው። የሁለቱም መነሻ ሰሜን አሜሪካ ነው። አፈ ሰፊው ግን ሰው እየወሰደው ጃፓን፣ ደቡብ አፍሪካና ስፔን ድረስ ተዛምቷል። ለመለየት አፉ ተዘግቶ ሳለ የላይኛውን መንጋጋ ጫፍ ተመልከቱ። ዓይኑን አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ አፈ ሰፊ ነው። ዓይኑ ሥር ከቀረ አፈ ጠባብ ነው።

ለዕቃ ምርጫ የሚጠቅመን ግን ጠባያቸው ነው። አፈ ሰፊው ሸማቂ ነው። ሣር ውስጥ፣ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ የጀልባ ማቆሚያ ጥላ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል። የሚበላ ነገር ሲያልፍ ዱብ ይልበታል። ስለዚህ ከሣርና ከግንድ መሃል ጎትቶ የሚያወጣው ዕቃ ይፈልጋል። አፈ ጠባቡ ቀዝቀዝና ጥርት ያለ ውሃ፣ ድንጋይና ጠጠር ይወዳል። ወራጅ ውሃም ይስማማዋል። ለእሱ ቀጭን ክርና ትንንሽ ማባበያ ይሻላል።

አራት ጥያቄ ብቻ መልሱ። ሣር ወይም እንጨት አለ? ውሃው ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ? ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቅ ያለ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። የባስ ሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው ይፈዛል፤ እየሮጠ የሚያልፍ ነገር አያባርርም። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ደግሞ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ይጠጋል።

ስለ ዓሣው ክብደት አትጨነቁ። በ1932 ጆርጅ ፔሪ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የያዘው አፈ ሰፊ 10 ኪሎ ከ90 ግራም ገደማ ነበር። በ2009 ማናቡ ኩሪታ ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ በጥቂት ግራም የሚበልጥ ያዘ። ደንቡ ከዚያ የሰፋ ልዩነት ስለሚጠይቅ ክብረ ወሰኑን ሁለቱ ተጋርተውታል። ከ70 ዓመት በላይ በመላው ዓለም ሲጠመድ ቆይቶ የተገኘው ልዩነት ይህችው ናት። እናንተ በአብዛኛው የምትይዙት ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ነው። ወፍራም ክርና ጠንካራ ዘንግ የሚያስፈልገን ለዓሣው ክብደት አይደለም፤ ዓሣው ለሚሸሽበት ሣር ነው።

2. ማባበያውን ምረጡ

የማባበያ መደርደሪያ ፊት ለፊት መቆም ልብ ያስታል። ሁሉም ያብረቀርቃል። እኔ ጀማሪ ሲያማክረኝ አምስት ዓይነት ብቻ ያዝ እለዋለሁ፤ ሌላው የእነዚህ ዘመድ ነው።

የላስቲክ ትል። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምወስደው። በ1949 ኒክ ክሬም የተባለ ሰው አሜሪካ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ውስጥ ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ሠራ። ከዚያ በኋላ የባስ አጠማመድ እንደ ድሮው አልሆነም። የ5 ኢንች ወፍራም ትል ግዙ፤ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

ትሉን በሁለት መንገድ ማሰር ልመዱ። የመጀመሪያው ዋኪ ይባላል። መንጠቆውን ትሉ ወገብ ላይ መውጋት ብቻ ነው። ማክበጃ እርሳስ የለውም። ወርውራችሁ ዝም በሉ። ትሉ ሁለት ጫፉን እያርገበገበ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዓሣው የሚጎርሰው በዚህ ስምጠት ላይ ነው፤ እጃችሁ ላይ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁ ክሩ ላይ ይሁን። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ ወይም ድንገት ከረገበ ጎርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቴክሳስ ሪግ ነው፤ ለሣር። መጀመሪያ የጥይት ቅርጽ ያለውን እርሳስ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ክሩ ላይ አሳልፉ። ከ1/8 እስከ 1/4 አውንስ፣ ማለትም ከ3.5 እስከ 7 ግራም ይበቃል። ከዚያ ቁጥር 3/0 ወይም 4/0 የሆነ፣ አንገቱ የታጠፈ መንጠቆ እሰሩ። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ ራስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡና በጎን አውጡት። ትሉን እስከ መንጠቆው አንገት ስባችሁ አዙሩት። አሁን ጫፉን መልሳችሁ ትሉ ሆድ ውስጥ ቅበሩት። ትሉ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ከተጣመመ ሲሳብ ይሽከረከራል፣ ክሩንም ያጠማዝዛል። ፈትታችሁ ድገሙት፤ እኔ አሁንም አንዳንዴ ሁለቴ እሠራዋለሁ። ጫፉ ስለተቀበረ ሣሩ አይዘውም።

ጂግ። እርሳሱና መንጠቆው አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው። ዙሪያውን የላስቲክ ክር ቀሚስ አለው፤ ኋላው ላይ ደግሞ ትንሽ የላስቲክ ጅራት ይሰካል። ታች ድንጋይና እንጨት መሃል ሲንፏቀቅ ክሬይፊሽ የሚባለውን፣ ባስ የሚሞትለትን ሸርጣን መሳይ ፍጥረት ይመስላል። ለመነሻ 3/8 አውንስ ያዙ፤ 10.5 ግራም ገደማ ነው። ጂግ ትዕግሥት ይፈትናል። ማጥመድ የጀመርኩ ሰሞን አልወደውም ነበር። አሁን ትልቅ ዓሣ ስፈልግ መጀመሪያ እጄ የሚገባው እሱ ላይ ነው።

ስፒነርቤይት። የተከፈተ መርፌ ቁልፍ ይመስላል። አንዱ ክንዱ ላይ ቀሚስ የለበሰ መንጠቆ፣ ሌላው ላይ የሚሽከረከሩ የብረት ቅጠሎች አሉት። ውሃው ድፍርስ ሲሆን ወይም ነፋስ ሲኖር ይህን ወርውሩ። ባስ በጎንና ጎኑ ባለው የስሜት መስመር የውሃ ንዝረት ይሰማዋል፤ ባያይ እንኳ ያገኘዋል። ቅጠሉ ክብ ከሆነ ንዝረቱ ይበረታል፤ ለድፍርስ ውሃና ለቀስታ አሳሳብ ይሆናል። ሹልና ረዥም ከሆነ ብልጭታው ይበዛል፤ ለጥርት ውሃና ለፈጣን አሳሳብ ይስማማል። ወርውሮ መጠቅለል ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ቀላል ነው።

ክራንክቤይት። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ ምላስ ያለው ትንሽ ዓሣ ነው። ሲሳብ ምላሱ ውሃውን እየገፋ ወደ ታች ያወርደዋል፤ እየተውረገረገም ይሄዳል። ምላሱ በረዘመ ቁጥር ጠልቆ ይገባል። አጭርና አራት ማዕዘን ምላስ ያለው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ እንጨት ሲነካ ነጥሮ ያልፋል። ለመነሻ ይህንን ያዙ። መውረግረጉ ለጌጥ አይደለም። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 የመጀመሪያውን ማባበያውን ሲሠራ መነሻው ይህ ነበር። ከመንጋው መሃል እየተንገዳገደ የሚዋኘውን የቆሰለ ዓሣ ትልልቆቹ ለይተው ሲያጠቁ ተመልክቷል። ያን መንገዳገድ ከቡሽ ቀረጸው፤ በቸኮሌት መጠቅለያ ፎይል አለበሰው፤ ቀልጦ በፈሰሰ የፎቶ ነጋቲቭ ቀባው። እናንተም ስትስቡ ይህን አስቡ። አንድ ወጥ ፍጥነት የቆሰለ ዓሣ አያስመስልም። ትንሽ ሳቡ፣ ቆም በሉ፣ እንደገና ሳቡ።

የላይ ውሃ ማባበያ። ይህ ለደስታ ነው፤ ዓሣው ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ ልብ ቀጥ ይላል። ፖፐር የሚባለው አፉ የጎደጎደ ነው፤ ሲነቀነቅ ውሃውን ቡፍ ያደርጋል። ማለዳ፣ ምሽት ወይም ደመና ሲሆን፣ ውሃው ሞቅ ካለ ሞክሩት። ሣሩ የውሃውን ፊት ከሸፈነው ግን ውስጡ ክፍት የሆነ የላስቲክ እንቁራሪት ያስፈልጋል። መንጠቆዎቹ ጀርባዋ ላይ ተጣብቀው ስለሚተኙ በሣሩ ላይ ተንሸራታ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሠራት ስህተት አለች፦ ውሃው ሲፈነዳ ደንግጦ ወዲያው መሳብ። እንቁራሪቷ ብቻዋን በርራ ፊታችሁ ላይ ትመጣለች። ዓሣው ጎርሶ ሲዞር ክሩ ይከብዳል። ያ ክብደት እስኪሰማችሁ ጠብቁና ያኔ ሳቡ።

ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ስድስተኛ ጨምሩ። ጀርክቤይት የሚባል ቀጭን ዓሣ መሳይ ነው፤ ሁለቴ ነቅነቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ማቆሚያው አሥር ሰከንድ ቢሆን አይብዛባችሁ።

ቀለም ላይ ጊዜ አልፈጅም። ለጥርት ውሃ የተፈጥሮ መልክ ያለው አረንጓዴ ወይም ቡናማ። ለድፍርስ ውሃ ጥቁር ከሰማያዊ ጋር፣ ወይም ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ። ትንንሽ ዓሣ በመንጋ ካያችሁ ነጭ ወይም ብርማ። ከቀለም ይልቅ ማባበያው የሚሄድበት ጥልቀትና ፍጥነት ይበልጣል። እነሱን ሳይሞክሩ ቀለም መቀያየር ሳጥን ያጣብባል እንጂ ዓሣ አያመጣም።

3. ክሩን ምረጡ

ሦስት ዓይነት አለ። ሞኖፊላመንት የድሮው ናይለን ነው። ይለጠጣል፤ ቶሎ አይሰምጥም። መለጠጡ ስህተት ይሸፍናል፤ በድንገት ብትስቡት እንኳ ቶሎ አይበጠስም። ለፖፐር ይስማማል።

ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፤ ብርሃን የሚያሳልፍበት መንገድ ለውሃ ስለሚቀርብም ውሃ ውስጥ ብዙ አይታይም። ድንጋይ ሲፍቀው ይችላል። ግን ደረቅ ያለ ነው። ቋጠሮውን ሳታረጥቡ ካጠበቃችሁት በግጭቱ ሙቀት ይጎዳና ዓሣው ሲይዝ ብጥስ ይላል።

ብሬድ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ከጥንካሬው አንጻርም በጣም ቀጭን ነው። ባለ 30 ፓውንድ ብሬድ ውፍረቱ የባለ 8 ፓውንድ ሞኖፊላመንት ያህላል፤ ፓውንዱ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው፣ አንዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ። ሣርን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ይታያል ግን። ጥርት ባለ ውሃ ላይ ጫፉ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ፍሎሮካርቦን ቀጥሉበት። ሌላም ነገር፦ ብሬድ ባዶ የብረት ስፑል፣ ማለትም ሪሉ ላይ ክሩ የሚጠቀለልበት ነገር፣ ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ሞኖፊላመንት ጠንጥኑበት።

ቁጥሩ ለመነሻ ይህ ነው። ለቀላል ማባበያ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ብሬድ፣ ጫፉ ላይ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን። ለጂግ፣ ለቴክሳስ ሪግና ለስፒነርቤይት 15 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን። ለክራንክቤይት 10 ወይም 12፤ ክሩ ቢወፍር ውሃው ይይዘውና ማባበያው እንደ ልብ አይጠልቅም። ለእንቁራሪቷ ከ50 እስከ 65 ፓውንድ ብሬድ። አዎ፣ ብዙ ነው። ዓሣውን ከነሣሩ ነው የምታወጡት።

4. ሪሉን ምረጡ

የምርጫው ፍሬ ነገር ማባበያው ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ነው። ቀላል ከሆነ ስፒኒንግ ሪል። ከ1/4 አውንስ በላይ ከሆነ ቤይትካስተር ማሰብ ይቻላል።

ስፒኒንግ ሪል ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል። ሲወረወር ስፑሉ አይዞርም፤ ክሩ በራሱ እየተፈታ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቀላል ነገር ሩቅ የሚወረውረው፣ ጀማሪንም የማያሰቃየው። ለባስ መጠኑ 2500 ወይም 3000 የተባለው በቂ ነው። ክሩን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተዉለት። ወርውራችሁ ስትጨርሱ ክር መያዣ ሽቦውን በእጃችሁ ዝጉት። መዘውሩን በማዞር ከዘጋችሁት ክሩ ቀስ በቀስ እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

ቤይትካስተር ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፤ ስፑሉም አብሮ ይዞራል። ከባድ ነገርን ወደ ትንሽ ዒላማ ለመወርወር የሚስተካከለው የለም። ክፋቱ ማባበያው ፍጥነት ሲቀንስ ስፑሉ አለመቀነሱ ነው። ክሩ ከሚወጣው በላይ ይፈታና ይተበተባል። የመጀመሪያ ቀን ዕለቱን ሙሉ ያሳለፍኩት ድመት የተጫወተችበትን ልቃቂት የመሰለ ነገር በጥፍሬ ስፈታ ነው። ዓሣዎቹ አጠገቤ ሲዘሉ ይሰማኛል።

ያን እንዳታዩ እንዲህ አድርጉ። ማባበያውን እሰሩና ዘንጉን ከፊታችሁ አግድም ያዙ። የስፑሉን መልቀቂያ ተጫኑ። ማባበያው ዱብ ካለ በመዘውሩ በኩል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አጥብቁ። ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ሲነካ ስፑሉ ወዲያው መቆም አለበት። ከዚያ በሌላው ጎን ያለውን ፍሬን ወደ ከፍተኛው አዙሩት። አውራ ጣታችሁን ስፑሉ ላይ ጣል አድርጋችሁ በግማሽ ኃይል ወርውሩ፤ ማባበያው ውሃ ሊነካ ሲል በጣታችሁ አቁሙት። እጃችሁ ሲለምድ ፍሬኑን በአንድ በአንድ ቀንሱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሪል ሳይሆን አይቀርም። በነፋስ ፊት ስትወረውሩ ደግሞ ፍሬኑን መልሳችሁ ጨምሩ።

ሪሉ ላይ 5.4:1 ወይም 7.1:1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የማርሹ ነው። 7.1:1 ማለት መዘውሩን አንዴ ስታዞሩ ስፑሉ ሰባት ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ለጂግና ለትል ፈጣኑ ይሻላል፤ የረገበ ክር ቶሎ ይሰበስባል። ጠልቆ የሚገባ ክራንክቤይት ለመሳብ ዝቅተኛው ይሻላል፤ ክንድ አያደክምም። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 7 አካባቢ ያለውን ውሰዱ። ፈጣን ሪል ቀስ ብሎ ማዞር ይቻላል፤ ቀርፋፋውን ግን ማስሮጥ አይቻልም።

ስለ ኩሽኔታ ብዛት የሚለፈፈውን ብዙ አትስሙ። አሥር ርካሽ ኩሽኔታ ካለው አራት ጥሩ ያለው ይበልጣል። ይልቅ ድራጉን ፈትሹ። ድራግ ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቅ ፍሬን ነው። ላላ አድርጋችሁ ክሩን በእጃችሁ ሳቡ። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይነጥር፣ አንድ ወጥ ሆኖ መውጣት አለበት። ለማጥመድ ስትወጡ ክሩ ከሚችለው ሩብ ያህል ላይ አስተካክሉት። ለምሳሌ ባለ 10 ፓውንድ ክር አንድ ኪሎ ከምናምን ሲጎተት መልቀቅ መጀመር አለበት።

5. አሁን ዘንጉን ምረጡ

እስካሁን የመረጣችሁት ሁሉ እዚህ ይጠቅማል፤ ዘንጉ ላይ የተጻፈው ነገር እሱው ነውና። ከእጀታው በላይ ርዝመቱ፣ ጉልበቱ፣ አጎነባበሱ፣ የሚችለው ማባበያ ክብደትና የክሩ መጠን ተጽፏል። እኔ ያን ቀን ሳላነብ የገዛሁት ይህንን ነው።

ጉልበት ማለት ዘንጉ ለመጉበጥ ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል ነው። ላይት፣ ሚዲየም፣ ሚዲየም ሄቪ፣ ሄቪ እያለ ይወጣል። አጎነባበስ ማለት የሚጎብጠው የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። ፋስት ከተባለ ጫፉ ብቻ ይጎብጣል፤ ታችኛው ክፍል ቀጥ ይላል። ሞደሬት ከሆነ እስከ ወገቡ ይታጠፋል። ሰው ሁለቱን ያምታታል። ጉልበታም ሆኖ ለስላሳ አጎነባበስ ያለው ዘንግ አለ፤ ደካማ ሆኖ ጫፉ ብቻ የሚጎብጥም አለ።

ዋናው ቁምነገር መንጠቆው ነው። አንድ ወፍራም መንጠቆ ያለው ማባበያ፣ በተለይ ትል ውስጥ የተቀበረ፣ ፋስት ዘንግ ይፈልጋል። ትሉን ቀዶ የዓሣውን አፍ መውጋት አለበት፤ ያ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃል። ክራንክቤይት ላይ ያሉት ባለ ሦስት ጫፍ ቀጫጭን መንጠቆዎች ግን ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። ባስ ሲያዝ ዘሎ ራሱን ያራግፋል። ዘንጉ ድርቅ ካለ በእያንዳንዱ መራገፍ ክሩ ይረግብና ይወጠራል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ መንጠቆው ይወልቃል። እኔ በአንድ ጠዋት ሦስት ዓሣ እንዲህ አምልጦኛል። ሦስተኛው ጀልባው ጥግ ደርሶ ነበር። ጥፋቱን መንጠቆው ላይ ጥዬ ሁሉንም ቀየርኩ። ለካ የጂግ ዘንጌን ይዤ ወጥቻለሁ።

ርዝመት ላይ 7 ጫማ ለአብዛኛው ይሆናል፤ ሁለት ሜትር ከአሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ሲል ሩቅ ይወረውራል፣ ብዙ ክር በአንዴ ያነሳል። 6 ጫማ ተኩል ደግሞ ዛፍ በሚበዛበት ዳርቻና ለፖፐር ይቀላል።

የተሠራበት ነገር ግራፋይት ከሆነ ቀላል ነው፤ ታች ያለውን ጠጠር ሁሉ እጃችሁ ላይ ያመጣል። ግን ስለት ካለው ነገር ጋር ከተጋጨ ይሰበራል። ፋይበርግላስ ከበድና ፈዘዝ ይላል፤ ለክራንክቤይት ግን ፍዘቱ ጥቅም ነው።

ስትገዙ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ታች አትቆልምሙት። ዘንግ የሚሰበረው እንዲህ ሲደረግ ነው፤ ስለ ዘንጉም ብዙ አይነግራችሁም። ሪላችሁን ይዛችሁ ሂዱና ግጠሙት። ከሪሉ ትንሽ ፊት ለፊት ጣታችሁ ላይ አስቀምጡት። ጫፉ በኃይል ወደ መሬት ከሄደ ከሰዓት በኋላ የእጅ አንጓችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሽከርክሩ። ጥጡ ከተቀነጠበ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ክሩንም እንዲሁ ነው የሚቀነጥበው።

6. ግጠሟቸው

የመጀመሪያው ዕቃችሁ ይህ ይሁን። 7 ጫማ፣ ሚዲየም፣ ፋስት የስፒኒንግ ዘንግ፤ 2500 ወይም 3000 ሪል፤ ከላይ ያልኩት ብሬድ ከነፍሎሮካርቦን ጫፉ። ዋኪ ትል፣ ቀለል ያለ ቴክሳስ ሪግ፣ ትንሽ ጂግና ፖፐር ሁሉ በዚህ ይሄዳል። አንድ ሙሉ ወቅት በዚህ ብቻ ብታጠምዱ ምንም አይጎድልባችሁም።

ሁለተኛው 7 ጫማ፣ ሚዲየም ሄቪ፣ ፋስት የቤይትካስተር ዘንግ ነው፤ ከ1/4 እስከ 3/4 አውንስ የሚል ይኑርበት። ሪሉ 7 አካባቢ፣ ክሩ 15 ፓውንድ። ጂግ፣ ስፒነርቤይትና ሣር ውስጥ የሚገባ ትል ለዚህ ነው። ገና እየተማራችሁ ከሆነ ለጊዜው ሞኖፊላመንት ሙሉበት፤ ቢተበተብም ለመፍታት ይቀላል።

ሦስተኛ የምትሉ ከሆነ ውሃችሁን ጠይቁ። ክፍት ውሃና ድንጋይ ከሆነ ሚዲየም፣ ሞደሬት የክራንክቤይት ዘንግ። የውሃ ሣር የተነጠፈበት ከሆነ ሄቪ የእንቁራሪት ዘንግ። ሁለቱን በአንድ ዘንግ ለማብቃቃት አትሞክሩ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ለሁለቱም አይሆንም።

7. ከመውጣታችሁ በፊት

አንድ ቋጠሮ እስክትጠግቡ ተለማመዱ፤ ፓሎማር ይበቃል። ክሩን አጥፋችሁ እጥፉን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። በእጥፉ ተራ ቋጠሮ አስሩ፤ አታጥብቁት። የእጥፉን ቀለበት መንጠቆውን አሳልፋችሁ ወደ ላይ መልሱት። አሁን በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትሠሩት ድረስ ቤት ውስጥ ደጋግሙት። ማለዳ ገና ሳይነጋ ውሃው ዳር ስትደርሱ የሚያስፈልጋችሁ እንዲያ ነው።

የምትሄዱበትን ቦታ የፈቃድና የመጠን ደንብ ጠይቁ። መንጠቆውን ጥፍራችሁ ላይ ጎተት አድርጉት፤ ከተንሸራተተ ደንዝዟልና ሳሉት ወይም ቀይሩት። ከግንድና ከድንጋይ ጋር ከታገላችሁ በኋላ የክሩን የመጨረሻ አንድ ሜትር በጣታችሁ ዳብሱ። ሻካራ ከሆነ ቁረጡና እንደገና እሰሩ።

ስትመለሱ እርጥብ ማባበያ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ፤ አንዱ ዝገት ሁሉንም ያዳርሳል። ድራጉን አላሉት። ዘንጉን መኪና ውስጥ ስትከቱ ደግሞ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ጫፉ የት እንዳለ እዩ። ያ ቀይ ዘንጌ የቀረው እዚያ በር ላይ ነው።